ቅጠል ያልበላው

በማለዳ አረቄ ስገዛ ያዩኝ ሰዎች
ምን ይሉኝ ይሆን ያኔ የአዘዞ ጎረቤቶች?
«ምነው መምህሬ፣ በጠዋቱ?» አለችኝ አዛለች፤
ጠርሙሱን ስትሞላ ከንፈሯን ነክሳለች።
«ለቅጠል ነው» አልኳት።
«እሺ፣ ለቅጠል፤
እሱም ይቅመሰው እንጂ፣ ሰው ብቻ ለምን ይቃጠል!»

ትምህርት ቤታችን አልኮል ከመጣለት
ሦስት ክረምት አልፏል። ጥያቄው ተጽፎ፣ ማኅተም ተመቶለት
መዝገብ ቤት ተኝቷል።
አረቄ ግን ነቅቷል።
የግራዋ ቅጠል ቀንጥሰን ብርጭቆ ውስጥ ጨምረን፣
በሙቅ ውሃ ድስት ብርጭቆውን አኑረን
ጠበቅን።
ቅጠሉ ገረጣ እንደ ታመመ ሰው፤
አረንጓዴነቱን አረቄው ወረሰው።

«ብርሃን» አልኳቸው «ድግስ ነው ለቅጠል፤
ቀዩን ይጎርሰዋል፣ ሰማያዊውን ይውጣል፤
አረንጓዴውን ግን እምብዛም አይነካ።
ዓይናችን የሚያርፍበት፣ ‹ለምለም› የምንለው
ከገበታው የተረፈው ነው ለካ።»

«ታዲያ መስኩ ሁሉ» አለ አትርሳው ከኋላ ወንበር፣
«ከመስከረም እስከ ኅዳር ፍርፋሪ ነበር?»

መልስ አልነበረኝም። መጋረጃውን ገለጥኩ፤
በመስኮቱ ጨረር ብርጭቆውን ያዝኩ።
ፀሐይ ከጎን ስትወጋው
አረንጓዴው ደማ።
ቀይ ሆነ። የበርበሬ ቀይ አይደለም፣ የሸማ ጥለትም፤
አመድ ሥር የከረመ ፍም የሚመስል፣ ግን የማያቃጥል።
ክፍሉ ጸጥ አለ። ኖራው የረገፈ ግድግዳ ሳይቀር።
ቅጠል የዋጠውን ብርሃን ሆዱ ሳይችልለት
መልሶ ሲተፋው ነው፤
ይህን ማስረዳት ነበረብኝ፣ ግን እኔም አፌን ከፍቼ ቆሜያለሁ።

የቅዳሜ ገበያ ክር ሻጮች «ቅጠልያ» ይሉታል፤
የግዕዝ መምህራችን «ሐመልማል» ብለው ያርሙታል፤
ሰዓሊው ፈንቴ ደግሞ ስም አይጠራም ጭራሽ፦
«ቢጫ አባቱ፣ ሰማያዊ እናቱ፤
ሲጣሉ ይጠቁራል፣ ሲታረቁ ነው ውበቱ።»
ቀለሙን በቅጠል ስም ከጠራነው፣
ቅጠሉን በምን እንጥራው?

ከፊት ወንበር ጥግ ሙሉሰው ተቀምጦ
ብርጭቆውን ያያል አንገቱን አስግጎ።
«ለእኔ» አለ ቀስ ብሎ «ሁለቱም አንድ ነው፤
ቅጠሉም፣ ደሙም፣ የደረቀ ሣር ነው።»
ሳቁበት።
እኔም፣ አልዋሽም፣ ፈገግ ብያለሁ።
ይህን የምጽፈው እስካሁን ስለማፍር ነው።

ዓርብ በሁለት ሚኒባስ ታጭቀን
ፋሲል ጥምቀተ ባሕር ወረድን።
ጥቅምት ነው፤ ገንዳው ደርቋል፤
የዛፎቹ ሥር ግንቡን እንደ ጣት ጨምድዶ ይዟል፤
ድንጋዩ ሸብቷል፣ ሽበቱም አረንጓዴ፣
ነገሥታት ሲያረጁ እንዲህ ይሆኑ እንዴ?
«ፌንጣ ፈልጉ» አልኩ። አርባ ሁለት ልጅ ሣሩ ላይ ተደፋ፤
አረንጓዴ በአረንጓዴ፣ ዓይናችን ጠፋ።
አትርሳው ተንበረከከ፣ ሱሪው ጭቃ ነካ፤
እኔ መነጽሬን ጠረግኩ፤
አንዲት አገኘን፣ እሷም የሞተች፣ ለካ።

ሙሉሰው ቆሞ ነው የሚያየው። እጁን ሰደደ፦
«እዚያ። እዚያም። አንዱ ቅጠሉ ሥር። ያኛው… ሄደ!»
ሰባት ቆጠረልን።
ሰባቱንም፣ በጣቱ፣ ሳይቸኩል፤
ሲነካቸው ሲዘሉ ነው እኛ ያየናቸው።

«እንዴት?» አልኩት።
ትከሻውን ነቀነቀ። «ቀለሙን እኮ አይደለም፣
እግራቸውን ነው ያየሁት።»

ስንመለስ ከፊት ወንበር፣ ከሾፌሩ ጎን አስቀመጡት፤
ማንም አላዘዘም። የቀለበውን አንዱን ፌንጣ
በእፍኙ ይዞ፣ በመስኮት ለቀቀው አዘዞ ስንገባ።

«ቅጠሉስ፣ ሰከረ?» አለችኝ አዛለች፣ በነጋታው ቅዳሜ።
«ሰካራሙስ እኔ ነኝ» አልኳት፣
«በቀለም ሰክሬ የኖርኩ፣ ይህን ሁሉ ዕድሜ።»